ባለሞገስና ታናሽ

መሳቢያው ባዶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ስቦ ከፈተውና «ይኸው፣ ይዩልኝ» አለ፣ ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየች። ትልልቅ ወረቀቶች ሳይታጠፉ የሚተኙበት ሰፊ የእንጨት መሳቢያ ነው። ታች ከተነጠፈው ወረቀት በቀር ብጣሽ እንኳ የለበትም።

«ምን ነበረበት?»

«የዚህ ማተሚያ ቤት ነፍስ። አባቴ በእጁ የሳላቸው የባለሞገስ ፊደላት።»

ባለሞገስን የማያውቅ ሰው የለም፤ ስሙን ያልሰማም መልኩን ያውቀዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እግሩ የጠና፣ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ዓይን የማያደክም የፊደል ዓይነት ነው። ዳኛ ፍርዱን፣ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማውን፣ አባት የልጁን የሠርግ ጥሪ የሚያስጽፉት በእሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ቤት ፈቃድ ይወስዳል፣ ፈቃዱንም በየዓመቱ ያሳድሳል።

«የምንሰጠው የኮምፒውተር ፊደል በቀጥታ ከእነዚህ ሥዕሎች የተቀዳ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እኔ ራሴ ነኝ የቀዳሁት። ከአባት ወደ ልጅ።»

«ቁልፉ አልተሰበረም።»

«አልተሰበረም። አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ የማተሚያ ክፍሉ ኃላፊ ጋ፣ አንዱ እናቴ ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሌባዋ ግን ታውቃለች። የእህቴ ልጅ ናት።»

«ስለዚህች ልጅ ይንገሩኝ።»

«ታናሽ የሚል ፊደል ሠርታ በነፃ በተነችው። ማንም አውርዶ እንደፈለገ ይጻፍበት ብላ። ከባለሞገስ ጋር ደርበው ይዩት፤ የአንዱም ፊደል ስፋት የፀጉር ያህል አይለይም። በዓይን አይቶ እንዲህ መሳል አይቻልም። ሥዕሎቹን ወስዳ፣ ላያቸው ላይ እርሳስ አስኪዳ ነው የቀዳችው።»

«ሥዕሎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ወር» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «አልፎ አልፎ እያወጣሁ አቧራቸውን እጠርጋለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ከሥር ያለውን መሳቢያ ሳበችው። በአሮጌ ማስታወቂያዎች ጢም ብሏል። የማስታወቂያዎቹን ጫፍ አነሳች። ወረቀት የተኛበት ንጣፍ ትናንት የተነጠፈ ይመስል ነጭ ነው፤ ምንም ያልሸፈነው ዳር ዳሩ ደግሞ እንደ ሻይ ቡኒ ሆኗል። ተመልሳ ባዶውን መሳቢያ አየች። ንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ነው። ገፍታ ዘጋችው። ያየችውን አብሯት ለመጣው ሳጅን እንኳ አልነገረችውም።

ጣቢያ ውስጥ ሙጫ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ሊያበሽቋት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። አንድ ነገር ላይ ከተጣበቀች የሚያላቅቃት እንደሌለ ራሷም ታውቃለችና፣ ደስ ብሏት ትጠራበታለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት የሥራ አስኪያጁን ቃል ጽፋ ልታትም ብትል፣ የተለመደው ጣጣ መጣ። የጣቢያው የባለሞገስ ፈቃድ አልታደሰም፤ ኮምፒውተሩ በምትኩ ያገኘውን ወፍራም ፊደል ደንቅሮበታል። ሠንጠረዡ ተዘርግፏል፣ መስመሩ ተንሸራትቷል።

«አለቃ፣ ፊርማዬ ዛሬም ብቻውን ሌላ ገጽ ላይ ቀረ» አለ ሳጅኑ፣ ወረቀቱን አንጠልጥሎ። «ሚስቱ ያባረረችው ባል መሰለ እኮ።»

«ፈርምና ዝም በል።»

«ክሱን እንልካለን ማለት ነው?»

«ከላክነው ፊደሉ በማግሥቱ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ልጅቷም ዕድሜዋን ሙሉ ሌባ ተብላ ትቀራለች። እስቲ መጀመሪያ ፊቷን ልየው።»

ፊደል ሠሪዋ የምትኖረው ደረጃው በሚንቋቋ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነው። መተዳደሪያዋ የሰው ሰነድ በኮምፒውተር ማሰናዳት ነው፤ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የትምህርት ቤት ፈተና። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፊደል ተለጥፎበታል።

«ግቡ» አለች። «ጫማ እናውልቅ እንዳትሉ፣ ወለሉ ከጫማችሁ የባሰ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ላይ ያለውን የወረቀት ቁልል አንስታ ተቀመጠች። «ሥዕሎቹን ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም።»

«አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አጎቴ እንኳን ሥዕሎቹን ሊያሳየኝ፣ መሳቢያውን ሲከፍትም አይቼው አላውቅ።»

«ታዲያ ስፋቱ እንዴት ልክክ አለ?»

«ልክክ እንዲል ስለፈለግኩ ነዋ።» ልጅቷ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው የቆየች ትመስላለች። «ደንበኞቼ ፈቃዳቸው ሲያልቅ የድሮ ሰነዳቸው ይተራመስባቸዋል። በነፃ የሚገኙትን ፊደሎች አንድ በአንድ ሞከርኩላቸው። አንዱ ቀጭን ነው፣ ገጹ ይራቆታል። አንዱ ወፍራም ነው፣ መስመሩ ይገፋና ሠንጠረዡ ይፈርሳል።»

«ፊርማውም ሌላ ገጽ ላይ ይቀራል» አለ ሳጅኑ፣ ከልቡ።

«ይቀራል። ስለዚህ ሰነዱ ሲከፈት አንድ መስመር ንቅንቅ የማይልበት ፊደል ያስፈልጋል። ስፋት ደግሞ ምሥጢር አይደለም፣ ከታተመ ገጽ ላይ ይለካል። ማስመሪያና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ስፋቱን ለካሁ፤ በዚያ ስፋት ውስጥ እያንዳንዱን ፊደል በእጄ ሳልኩ።»

«ከምን እያየሽ?»

ከመደርደሪያው ጫፉ የተበላ መጽሐፍ አወረደች። አያቷ ለልጆች ያተሙት የመጀመሪያ ንባብ ነው። «ማንበብ የተማርኩት በዚህ ነው። ይህንን በአጉሊ መነጽር እያየሁ ነው የሠራሁት። አያቴ ባለሞገስን የሳለው ልጅ ሁሉ እንዲያነብበት ነበር። ዛሬ አንድ ምስኪን ትምህርት ቤት ፈተና ለማተም ፈቃድ ይለምናል። ይሄ ያሳፍረኛል።» ቀና አለች። «ሌላው ሁሉ ይቅር። ታናሽን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሰው ሥራ ነው የሚለኝ ሰው ዓይኔን እያየ ይበለኝ።»

ይህን ስትል ሳጅኑ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ ረጅም ጥቅል እየጎተተ ያወጣ ነበር። «አለቃ፣ ይሄን ይመልከቱ።»

ዘረጉት። ወፍራም፣ ትልልቅ ወረቀቶች፤ በእያንዳንዱ ላይ የጎላ ፊደል። ኢንስፔክተሯ ልጅቷን ወድዳት ነበርና ቅር አላት። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። ቀለሙ ትኩስ ነው። የአያት ሥዕል እንዲህ አይሸትም።

«ይሄ ታናሽ ነው» አለች። «በማተሚያ የታተመ። ማን አተመልሽ?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የራሴን ይጠይቁኝ። የሌላ ሰው እንጀራ ውስጥ አልገባም።»

ከወረቀቱ ዳር ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ነበር፣ ሰፊና ደልዳላ።

የማተሚያ ክፍሉን ኃላፊ ቀለሜ ይሉታል፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም ዕድሜው ከጋብቻ ቀለበቱ ይበልጣል። ባለፈው የዕረፍት ቀን የት እንደዋለ ሲጠየቅ «ጉንፋን ይዞኝ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ» አለ። ሳጅኑ ሹልክ ብሎ ሚስቱ ዘንድ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በሳቅ ተወጥሯል።

«አለቃ፣ ሚስትየው ምን አለች መሰለዎት? “ጉንፋን? እሱ? ሲጨልም እንደ ከሰል ጠቁሮ ገባና አንሶላዬን አበላሸው።”»

ቀለሜ አንገቱን ደፋ። «አተምኩላት» አለ። «ልጅቷን እዚህ ወለል ላይ ስትድህ ነው የማውቃት። ፊደል በስክሪን አይፈተንም፤ በቀለምና በወረቀት ነው። በእሜቴ አተምኩላት።»

እሜቴ ጥግ ላይ የቆመችው ጥቁር ማተሚያ ናት። የማተሚያ ቤቱ መሥራች፣ የሥራ አስኪያጁ አባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዟት፣ አሁን ሽፋንና ካርድ ብቻ የሚታተምባት። ከጎኗ የሚጮሁት አዳዲሶቹ ማሽኖች ልጆቿ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ለምን በእሷ? አዳዲሶቹ እያሉ?»

«እንደሷ እኩል የሚጫን የለማ።» የቀለሜ ፊት በራ። የማሽኗን ከበሮ፣ ወረቀቱ የሚጠቀለልበትን ድብልብል ብረት፣ መታ መታ አደረገው። «እዚህ ላይ፣ ከሚታተመው ወረቀት ጀርባ፣ ግፊቱ እኩል እንዲሆን ወፍራም ወረቀት ተደራርቦ ይነጠፋል። የእሜቴን ያነጠፉት ጋሼ መሥራቹ ናቸው፤ በገዛ እጃቸው፣ ያ የልጆች መጽሐፍ የታተመ ጊዜ። “ላይኛውን ብቻ ቀይር፣ ታቹን እንዳትነካ” አሉኝ። እስካሁን አልነካሁም።»

«ለምን እንደሆነ አልጠየቋቸውም?»

«አደራ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሥራ አስኪያጁስ ነክቷት ያውቃል?»

«እሱ? ቀለም ልብሱን እንዳይነካው ከበር ነው የሚያዘን።»

የመሥራቹ ባለቤት ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ኢንስፔክተሯን ከእግር እስከ ራሷ አይተው፣ ወንበር ጠቆሟት።

«ልጄ የልጄን ልጅ ሌባ አላት አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«እሱ አባቱን ይወዳል፤ አይወድም አልልም። የወደደው ግን ስሙን ነው። ሥራውን የወደደችው እሷ ናት።» ይህን ሲሉ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

«ቁልፉን ወስዳ ይሆን?»

«እኔን ሳትጠይቅ ከዚህ ቤት ማንኪያ አታነሳም። እንዴት እንዳሳደግኳት እኔ አውቃለሁ።»

«ባለቤትዎ ሲስሉ ያዩ ነበር?»

«ሳላይ? ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ እኮ ነው የሚስለው። በቀን ሦስት ጊዜ ተነሥ እለዋለሁ፣ ሳህን የማስቀምጥበት የለኝም።» ፈገግ አሉ። «ሥሎ ሥሎ ሲጨርስ ደግሞ ምላጭ ያነሳል። ሁለት መስመር የሚገናኝበትን ጥግ ይፍቀዋል፤ እንደ አይጥ ጥርስ ጠባብ ጉድጓድ ያበጅለታል። ፍቅፋቂውን የምጠርገው እኔ። “ምነው ያማረውን ታበላሸዋለህ?” ስለው፣ “ግድ የለሽም፣ ሲታተም ቀለም ጥግ ላይ ይጠራቀምና ይሞላዋል፤ ካልፈቅኩት ጥጉ ያብጣል” ይለኛል።»

«ሁሉንም ፊደል?»

«ጥግ ያለውን ሁሉ። ምላጭ መግዛት ሰልችቶኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ደጅ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያ እርምጃዋ ፈጠነ።

ጣቢያ ገብታ ሁለቱን ፊደሎች አንድ ላይ ከፈተቻቸው፤ ስክሪኑን እስኪሞሉት አጎላቻቸው። መጀመሪያ የታናሽን ጥጎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ የጉድጓድ ምልክት የለም። ልቧ ረጋ አለ። ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል ባለሞገስን አየች።

ደግማ አየች። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ሳቀች።

«ምን ተገኘ?» አለ ሳጅኑ።

«ነገ ጠዋት ሁሉንም ማተሚያ ክፍል ሰብስብልኝ። እማማንም ደግፈህ አምጣቸው። አንተም እጅጌህን ሰብስብ፣ ቦታው ቀለም አለበት።»

በማግሥቱ ማሽኖቹ ቆመው፣ ሁሉም እሜቴን ከበው ቆሙ። ለእማማ ወንበር መጣላቸው፤ አልቀመጥም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ልጅቷ በዚያኛው ጫፍ እጇን አጣምራለች፤ ጥቅሏም እንደ ማስረጃ ሳጅኑ ብብት ሥር ነው።

«በመሳቢያው ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ወረቀት የተኛበት ንጣፍ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተሸፈነው ቡኒ ይሆናል። የእርስዎ ባዶ መሳቢያ ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ነው። እዚያ ውስጥ ባለፈው ወር ምንም አልነበረም። ልጅቷ ሳትወለድም አልነበረም ብል የምሳሳት አይመስለኝም።»

«ንጣፍ ማስረጃ ነው እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ግን ሳሳ።

«ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው እዚህ የመጣነው፤ መሥራቹ ወፍራም ወረቀት ያነጠፉት፣ ማንም እንዳይነካውም አደራ ያሉት እዚህ ነው። ጋሼ፣ እሜቴን ይክፈቱልኝ። የታቹን ንጣፍ።»

ቀለሜ አልተነቃነቀም። «አይሆንም ልጄ። እሰሩኝ ካላችሁ እሰሩኝ። አልነካም ብያለሁ።»

ማንም አላስገደደውም። ዓይኑ ወደ እማማ ዞረ። አሮጊቷ ማሽኗን ትክ ብለው እያዩ ነበር፤ ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«ያን ሰሞን ወፍራም ወረቀት ከገበያ ጠፍቶ ነበር» አሉ። «ትምህርት ሊከፈት ነው፣ መጽሐፉ አልደረሰም፣ ማሽኗ እኩል አልጫን ብላለች። እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። አንድ ቀን ግን እየሳቀ ገባ። “ተገኘ” አለኝ። ከየት ብለው፣ “ከቤት” አለኝ።» ወደ ቀለሜ ዞሩ። «ክፈት፣ የኔ ወንድም። አደራው የእኔም ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ።»

ቀለሜ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ብሎኖቹን ፈታ። ላይኛውን ሽፋን ገለጠ፣ ከሥሩ ያለውን ገለጠ። ከዚያ ወፍራም፣ ከብዙ ግፊት የተነሳ እንደ ቆዳ የለሰለሰ ወረቀት በሁለት እጁ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ባለሞገስ ነበር። በብሩሽ የተሳለ፣ ጥቁር፣ የቆመ። ጥጉ ሁሉ በምላጭ ተፍቋል።

ሌላ አወጣ። ሌላ። ጠረጴዛው ሞላ።

«እዚህ ነው የከረሙት» አለች ኢንስፔክተሯ። «የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍ ሲታተም ጀምሮ። አሁን ጥጎቹን እዩ። ሥዕሎቹን አይቶ የቀዳ ሰው እነዚህን ጉድጓዶች ይዟቸው ይሄዳል። ታናሽ አንድም የለውም፤ ልጅቷ ያየችው ቀለም ከሞላው መጽሐፍ ላይ ነውና። እነዚህን ሥዕሎች አይታ አታውቅም።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ግን እርስዎ ለደንበኛ የሚሰጡት ባለሞገስም አንድም የለውም።»

ሥራ አስኪያጁ ሥዕሎቹን አንዴ፣ እናቱን አንዴ አየ፤ ወንበሩን የፈለገው እሱ ሆነ፣ ቁጭ አለ።

«አባቴ በሞተ ሰሞን ስከፍተው ባዶ ነበር» አለ። «ዋናው ጠፋ ብል ማን ያምነኛል? እኔም ከመጽሐፉ ላይ ቀዳሁ። ከሥዕሉ ነው አልኩ። እያልኩ እያልኩ እኔም አመንኩት። እሷ ታናሽን ይዛ ስትመጣ፣ ሁለቱን አስተያይቶ አንድ ቀን አንድ ሰው ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ያልነበረ ነገር ተሰረቀብኝ ብለው ለፖሊስ ቃል ሰጡ። ይህ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ያስጠይቅዎታል» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ደስ እያላት አልነበረም።

እማማ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አንተም ከመጽሐፉ ቀዳህ፣ እሷም ከመጽሐፉ ቀዳች። ነውር የለበትም፤ አባትህ መጽሐፉን ያተመው እንዲታይ ነው። እሷ ግን ከመጽሐፉ ነው ብላ ተናገረች።»

ልጅቷ ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። ሥዕሎቹ ላይ ተደፍታ፣ አንዱን ጥግ በጣቷ ጫፍ ሳትነካ ትከተለዋለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን እየሳቀ ነበር።

«አያቴን አየሽው እማማ?» አለች። «ለካ ማንበብ የተማርኩበት ገጽ ሁሉ እነዚህን ተደግፎ ነው የታተመው።»

አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው አብረን እንሥራ። ታናሽን በቤታችን ስም እናውጣው፣ ፈቃዱን...»

«ታናሽ ፈቃድ የለውም፣ አጎቴ። የፈለገ ይወስደዋል። አንተም ከፈለግክ ውሰድ።» በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ሙሉ ማዕድ ላይ ሰው እንደሚጋብዝ ሰው ነበር።

ቀለሜ ብቻ ጭንቅ ላይ ነው። ከበሮው ተራቁቶ ቀርቷል። «ይሁን፣ ሥዕሉ ይቀመጥ፣ ተገቢ ነው» አለ። «እሜቴን ግን ምን ላልብሳት ነው? እንዲህ ራቁቷን አትሠራልኝም።»

እማማ ወደ ሳጅኑ ብብት ጠቆሙ። «እሱ ምንድን ነው?»

«የልጅቷ ነው፣ እማማ። ታናሽ የታተመበት ወረቀት።»

«ወፍራም ነው?»

ቀለሜ ጥቅሉን ተቀብሎ አንዱን ገጽ በሁለት ጣቱ መካከል ፈተነው። አንዴ፣ ሁለቴ። «ወፍራም ነው» አለ።

«የእሷን አንጥፍባት። ራሷ ታንጥፈው።»

ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ወረቀቱን ከበሮው ላይ ስታለብስ ቀለሜ ዳር ዳሩን ያዘላት፤ ሳጅኑ እንኳ አንድ ጫፍ ይዞ ልብሱን አጠቆረ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሜ ልጁን የሚድር አባት መስሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ታቹን የሚነካ እንዳይኖር» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ስትመለስ ታናሽን አወረደች። ማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። የምርመራውን መዝጊያ በዚያው በአሮጌው ቅጽ ጻፈች፤ ልጅቷ ነፃ መሆኗን፣ ፊደሉም የገዛ እጇ ሥራ መሆኑን፣ ጥቆማው ሐሰት መሆኑን። አትማ ለሳጅኑ ሰጠችው።

ሳጅኑ ወረቀቱን ገለበጠ። ሁለተኛ ገጽ ፈለገ። የለም። ሠንጠረዡ ቦታው ላይ ነው፣ መስመሩ ቦታው ላይ ነው፣ የፊርማው ቦታ ከታች በኩል አርፎ ይጠብቀዋል።

«አለቃ፣ ባልየው ቤቱ ገባ» አለ፣ እየፈረመ።

ኢንስፔክተሯ ብዕሩን ተቀብላ፣ ከእሱ ስም ጎን የራሷን ፊርማ አሰፍታ ፈረመች።